«ቶ ዘ ላይን» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ይህን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ዜና ላይም ሥራ ቦታም እንሰማዋለን። በግርድፉ «የተባልከውን አድርግ፣ ከመስመር አትውጣ» ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አጻጻፉ ላይ ነው። «ቶ» እዚህ ጋ የእግር ጣት ነው፤ ፊደሎቹ ቲ፣ ኦ፣ ኢ ናቸው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው በቲ፣ ኦ፣ ደብልዩ ይጽፈዋል፤ እሱ ግን የተበላሸ መኪና መጎተት ነው። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም ይሳሳቱታል። ሯጮችን አስቡ፦ የእግራቸውን ጣት መነሻው መስመር ላይ አስጠግተው፣ ማንም ሳይቀድም ትእዛዝ ሲጠብቁ። ይቺ ምስል ከያዘቻችሁ ፊደሉ አይጠፋችሁም።

ከዚህ የሚብሰው ግን «እጅ ሰጠ» ብሎ መተርጎም ነው። እጅ የሚሰጥ ሰው ተሸንፏል። ይሄኛው ሰውዬ ግን በልቡ ላይስማማ ይችላል፤ አለቃው ወይም ፓርቲው ያለውን የሚፈጽመው ጫና ስላለበት ነው። እንደ አገባቡ «አደብ ገዛ» ወይም «ከመስመር አልወጣም» ይሻላል። «ሰጥ ለጥ አለ»ም ያስኬዳል፣ ትንሽ ከበድ ቢልም።

የእንግሊዝ ፓርላማ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሴፕቴምበር 2019 እ.ኤ.አ. 21 የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት፣ አገራቸው ያለ ስምምነት ከአውሮፓ ኅብረት እንዳትወጣ ብለው የገዛ ፓርቲያቸው መሪ የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጡ፤ ወዲያው ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ተባረሩ፣ የዊንስተን ቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስ ሳይቀሩ። «ቶ ዘ ላይን» አላደረጉም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሌላው፣ ለሙገሳ መጠቀም። እባካችሁ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «እኔ ቶ ዘ ላይን አደርጋለሁ» አትበሉ። ሰሚው «ሳያምንበት የሚታዘዝ» ብሎ ሊረዳችሁ ይችላል። ሥርዓት አክባሪ ነኝ ለማለት «ፎሎው ዘ ሩልስ» ይበቃል። ስለ ባልደረባችሁ ስትናገሩም ያው ነው፤ ሰውን የሚያስቀይም ቃል ሊሆን ይችላል።

ከጎረቤቶቹም አታምታቱት። «ክሮስ ዘ ላይን» ልክ ማለፍ ነው። «ሆልድ ዘ ላይን» ደግሞ ካሉበት ሳይነቃነቁ መጽናት ነው፤ ስልክ ላይ ከሆነ «ሳትዘጋ ጠብቀኝ» ይሆናል።

በመሃሉም «ቱ» አታስገቡ። ላለፈ ጊዜ «ቶድ ዘ ላይን» ነው የሚባለው።