ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለጨረሳችሁ

ተመርቃችሁ «ከማስተማር ሌላ ምን አለ?» እያላችሁ ነው? ማስተማር ክፉ አይደለም፤ ግን በሩ እሱ ብቻ አይደለም። ቢራ፣ ሲሚንቶ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያ ስታዩ «ኬሚስት» የሚለውን ብቻ አትፈልጉ። «ኳሊቲ ኮንትሮል» ወይም «የጥራት ተቆጣጣሪ» የሚለውንም ገብታችሁ አንብቡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ዝም ብሎ የሚያልፈው።

ማስተርስ ለምታስቡ ደግሞ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ፕሮግራም እዩት። ቢያንስ በሁለት አገር ትማራላችሁ። ስኮላርሺፑን ካገኛችሁ የትምህርት ክፍያ የለባችሁም፣ በወር 1,400 ዩሮም ይሰጣችኋል። አብዛኛው ፕሮግራም ማመልከቻ የሚቀበለው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

ዛሬውኑ የምታደርጉት ግን ሌላ ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪያችሁን፣ ገና ስማችሁን ሳይረሱት፣ ሪኮመንዴሽን ጠይቋቸው። እኔ ሁለት ዓመት ተኝቼ ስሄድ አማካሪዬ ለፒኤችዲ ውጭ ወጥተው ጠበቁኝ! በኢሜይል እስካገኛቸው የአንዱ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ቀን አለፈኝ። ትራንስክሪፕቱንም በዚያው አውጡ። ኦሪጅናል ዲግሪው የወጪ መጋራት ጣጣ አለበት፤ እሱ እስኪያልቅ ቴምፖዋን (ጊዜያዊ ዲግሪዋን) ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጧት።