ክረምቱን ለልምምድ ባንክ ለምትገቡ ተማሪዎች፦ ሲስተሙን አይሰጧችሁም፣ ወረቀቱን ተከተሉ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ባንክ ውስጥ ለተለማማጅ ፓስወርድ አይሰጥም። ሲስተሙ ላይ የተነካ ነገር ሁሉ በሠራተኛው ስም ስለሚመዘገብ፣ ጤነኛ ሠራተኛ በራሱ ስም እናንተን አያስነካም። ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ልጆች ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ምንም አላሠሩኝም» እያሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። የእኛ አገር ባንክ ግን አሁንም የወረቀት ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ቢከለከልም ወረቀቱ በእጃችሁ ያልፋል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ስሠራ ያተረፍኩት ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ከደብዳቤው እንጀምር። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ታጽፋላችሁ። እሱን ይዞ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ሥራ አስኪያጁ ቢወዳችሁ እንኳ «ከዲስትሪክት (የአካባቢውን ቅርንጫፎች ከሚመራው ቢሮ) አስመርታችሁ ኑ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ቅርንጫፉን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ከዚያ ስሙን ይዛችሁ ዲስትሪክት ወይም ዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ሂዱ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ኮፒው ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብላችሁ ቁጥር ተቀበሉ። ያለ ቁጥር ደብዳቤ የለም።

ጊዜው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ይሁን። ሰኔ ላይ አትሂዱ። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ስለሚዘጋ ያን ወር ሁሉም ተቀማጭ ለማሰባሰብና ሂሳብ ለመዝጋት ይሯሯጣል፤ የእናንተን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አታገኙም። ሐምሌ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሠራተኛው የዓመት ፈቃድ መውጣት ይጀምራል፣ እጅ ያጥራል፣ ያኔ እናንተ ትፈለጋላችሁ። ክፍያ አትጠብቁ። የሚሰጥ ቦታ ካጋጠማችሁ እሰየው፣ ካልሆነ ግን በእግር የምትደርሱበትን ቅርንጫፍ ምረጡ፤ በክረምት ዝናብ ሁለት ታክሲ እየያዙ ጠዋት 2 ሰዓት መድረስ ቀልድ አይደለም።

ብዙ ሰው ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም ያሉትን የባንክ ፎቆች እያየ ዋናው መሥሪያ ቤት ካልገባሁ ይላል። ፎቶው ያምራል። ግን እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ እያያችሁ ልትከርሙ ትችላላችሁ። ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪና ላኪ ንግድ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) እና ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ ብቻ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሻላችኋል። ለሌላው ሁሉ መካከለኛ ቅርንጫፍ። በጣም ትልቅ ከሆነ ማንም አያስታውሳችሁም፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቼክና ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ክፍያውን ያረጋገጠበት ማዘዣ) በወር አንዴ ነው የምታዩት።

መጀመሪያ የሚያቆሟችሁ ከካውንተሩ ውጭ ነው፤ ቅጽ ሙሉ፣ ሰልፍ አስተካክሉ፣ ፎቶ ኮፒ አንሱ። አትናቁት። ደንበኛውን በደንብ የምታውቁት እዚያ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናት «ልጄ፣ እስቲ ጻፍልኝ» ብለው ደብተራቸውን ይሰጧችኋል። ቁጥሩን ጻፉላቸው፣ ምን ያህል እንደጻፋችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሯቸው፣ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ግን የእሳቸው ነው። ሌላው ስልኩን ዘርግቶ «አንተው ንካልኝ፣ ፒኑ ይኸውና» ይላል። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። የሰው ፒን ሰምታችሁ ነገ ከዚያ ሂሳብ ብር ቢጎድል ማን ይጠየቃል? «አባቴ፣ እርስዎ ይንኩ፣ እኔ የቱ ጋ እንደሆነ ላሳይዎት» በሏቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ባንክ ውስጥ ቲኬት የሚሉት አለ፤ እያንዳንዱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ማስረጃ ነው። አንድ ቼክ ምረጡና ከገባበት እስከሚታሰርበት ተከተሉት። ተቀባዩ ሠራተኛ ቀኑን ያያል፣ ስድስት ወር አልፎት እንደሆነ። በአሃዝና በፊደል የተጻፈው መጠን መግጠሙን ያያል። ፊርማውን ከናሙናው ጋር ያስተያያል። ሂሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ፣ ማለትም ገንዘብ፣ መኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያጸድቃል፤ ሜከርና ቼከር የሚሏቸው እነሱ ናቸው። ክፍል ውስጥ «ኢንተርናል ኮንትሮል» ተብሎ በስላይድ የሸመደድነው ነገር እዚህ ሁለት ሰዎች ሆኖ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ለምሳ ሲወጣ ሰልፉ ለምን እንደሚቆምም ያኔ ይገባችኋል።

ማታ ደግሞ አትቸኩሉ። ከቻላችሁ ካሸሮቹ ሂሳብ ሲዘጉ ቆዩ። ከቀኑ ሁሉ በጣም የምታስተምር ሰዓት እሷ ናት። የቆጠሩት ብርና ሲስተሙ የሚለው ካልገጠመ ማንም ንቅንቅ አይልም፤ ቲኬት በቲኬት ወደ ኋላ ይፈለጋል፣ ጠፍቶ የቀረ ጉድለት ደግሞ ካሸሩን ከኪሱ ሊያስከፍለው ይችላል። ቲኬቶቹን በተራ መደርደርና ድምሩን እንደገና መምታት ለእናንተ የሚፈቀድ ሥራ ነው። የጎደለውን ቲኬት አንዴ ያገኘ ተለማማጅ በማግስቱ ካውንተር ውስጥ ወንበር ይሰጠዋል። ብሩን ግን፣ ማንም ቢጠይቃችሁ፣ አትቁጠሩ። ልምድ የምትቀስሙበት ሌላ መቶ ነገር አለ።

ጥያቄ ሰልፍ እያለ አይጠየቅም። ምሳ ላይ ወይም ዝናቡ ደንበኛውን ሲያሳሳ ጠይቁ። ሥራ አስኪያጁን «እርስዎ» በሉ፣ ጥበቃውን ጋሼን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳትሉ አትለፉ፤ የቅርንጫፉን ታሪክ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

የብድር ሠራተኛውን ስለ ብድር ጣሪያው ጠይቁት። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ከፍ ቢያደርገውም፣ ያኔ መያዣ ያሟላ ደንበኛ ለምን «ጠብቅ» ይባል እንደነበር ከሠራው ሰው መስማት ሌላ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚሠሩትን ደግሞ ስለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 አስወሯቸው። የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ የተለቀቀበት ቀን ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል።

ሪፖርታችሁን በባንኩ ራዕይና ተልዕኮ አትሙሉት። ያን ከድረ ገጽ የቀዳችሁት መሆኑን አማካሪያችሁም ያውቃል። አንድ የሥራ ሂደት ብቻ ያዙ፤ ለምሳሌ አዲስ ሂሳብ ሲከፈት ከፋይዳ መታወቂያ ጀምሮ እስከ ማጽደቁ ድረስ የት የት እንደሚቆም። በየቀኑ ማታ ግማሽ ገጽ ጻፉ። የደንበኛ ስምና የሂሳብ ቁጥር በፍጹም አታስገቡ፣ ስክሪንም ፎቶ አታንሱ።

ባንኩ ስለ እናንተ የሚሞላውን የግምገማ ቅጽ ለመጨረሻው ቀን አታስቀሩት። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ዝውውር አያጣውም፤ ያስተማራችሁ ሰው ሄዶ የማያውቃችሁ ሰው እንዳይሞላላችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስሞሉ። ማኅተሙን እዩ፣ በታሸገ ፖስታ ከተባለም አሽጉ በሏቸው። የምስክር ወረቀቱንም በዚያው ጠይቁ። ቅጥሩ በማስታወቂያና በፈተና ስለሆነ «እዚህ ሠርቻለሁ» ማለት ብቻውን አያስገባችሁም። ከአንድ ሁለት ሠራተኛ ጋር ግን ስልክ ተለዋወጡ። ማስታወቂያ ሲወጣ ደውለው የሚነግሯችሁ፣ ፈተናው ምን ምን እንደሚጠይቅም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።