ፖሊሶች ከመገናኛ ሬዲዮ ወደ ስልክ ሲያዘነብሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የምትገኘው የቤዮን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1933 የሁለትዮሽ ሬዲዮ በመኪኖቹ ላይ ከገጠመ ወዲህ፣ የፖሊስ ሥራ ለረጅም ዘመን በሬዲዮ ሲመራ ቆይቷል። ዛሬ ግን ታርጋ ማጣራት፣ የተፈላጊን ፎቶግራፍ መቀበልና የተጠቆመን አድራሻ በካርታ ማግኘት በስማርት ስልክና በመኪና ውስጥ ኮምፒውተር ስለሚከናወን፣ በሬዲዮ የሚነገረው ቀንሷል። ለውጡ ተገቢ ቢሆንም የተሳሳተ ግንዛቤ ሲታከልበት አደገኛ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሬዲዮ ንግግር ስለቀነሰ ሬዲዮው ራሱ አያስፈልግም ብሎ መደምደም ነው። ተጠርጣሪን በእግሩ እያሳደደ የሚሮጥ ፖሊስ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያለበትን መንገድና ተጠርጣሪው የታጠፈበትን አቅጣጫ ቢናገር፣ በዚያው የሬዲዮ መስመር ላይ ያሉ ባልደረቦቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰሙታል። በስልክ ቢሆን ኖሮ ስልኩን አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ ስም ፈልጎ እስኪደውል ድረስ ጊዜው ያልፋል፤ ሲነሳለትም የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የፖሊስ ሬዲዮዎች የማስተላለፊያ ማማ በሌለበት እንኳ እርስ በርስ በቀጥታ መገናኘት ይችላሉ።

ሁለተኛው ስህተት ሕዝብ የሚጠቀምበት የሞባይል ኔትወርክ በአደጋ ጊዜም እንደ ወትሮው ይሠራል ብሎ መተማመን ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ለንደን በቦምብ ስትመታ፣ ሁሉም ሰው ወደ ዘመዱ በመደወሉ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ነበር። ለፖሊስ ቅድሚያ የሚሰጥ የኔትወርክ አገልግሎት ያላቸው አገሮች አሉ፤ ተራ ሲም ካርድ ግን ይህን አያሟላም።

ሌላው በግል ስልክና በተራ የመልእክት መተግበሪያ የምርመራ መረጃ መለዋወጥ ነው። መልእክቱ ከተሰረዘ ወይም ስልኩ ከጠፋ፣ ማን ምን ትእዛዝ እንደሰጠና መቼ እንደሰጠ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም።

በተቃራኒው፣ በልማድ ብቻ የተበዳይን ስምና አድራሻ ባልተመሰጠረ ሬዲዮ ማንበብም ስህተት ነው፤ የሬዲዮውን ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ የያዘ ማንኛውም ሰው ይሰማዋልና። እንዲህ ያለው ዝርዝር በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ወይም በመኪናው ስክሪን ቢላክ ይሻላል፤ ያም ቢሆን እየነዱ ማንበብ አይገባም፣ መኪናው እስኪቆም ይጠበቅ።