ስልኩን ማኒላ ሲያነሱት የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ዘመዶችና ጎረቤቶች ወደ ባንክ፣ ወደ ስልክ ድርጅት ወይም ወደ አየር መንገድ ሲደውሉ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚያነሱት ፊሊፒንስ ያሉ የኮል ሴንተር ሠራተኞች ናቸው። ጉዳዩ በየቀኑ ይለያያል። እኛ የምንሠራው ስህተት ግን ያው ነው።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ «አሜሪካ ያለ ሰው አገናኙኝ» ማለት ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ! ችግሩ ገና አልተነገራትም፤ ትፍታው አትፍታው አልታወቀም። አነጋገሯ ብቻ ተሰምቶ ተፈረደባት። እባካችሁ! እኛን በአነጋገራችን ምክንያት ስንት ቢሮ ፊት ነስቶናል? በራሳችን ላይ ሲደርስ ያመመንን በሌላ ሰው ላይ ማድረግ ነውር ነው። ደግሞም እንግሊዝኛ ፊሊፒንስ ውስጥ ከፊሊፒኖ ጋር የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው። አገሪቱ ከ1898 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአሜሪካ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ልጆቹ እንግሊዝኛን ከትንሽነታቸው በትምህርት ቤት ይማሩታል። ልጅቷ ቋንቋውን ከብዙዎቻችን በላይ ታውቀዋለች።

ሥራዋንም እወቁላት። ያለችው ማኒላ ወይም ሴቡ በሚባሉት የፊሊፒንስ ከተሞች ነው። በሰመር ዋሽንግተን እኩለ ቀን ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። አገር ሲተኛ እሷ የእናንተን ቢል ትመረምራለች። ብዙ ጊዜ የደወላችሁለት ድርጅት ሠራተኛ እንኳ አይደለችም፤ ድርጅቱ ሥራውን በኮንትራት የሰጠው ሌላ ኩባንያ ነው የቀጠራት። ዋጋውን አላወጣችም፣ ደንቡንም አልጻፈችም። በእጇ ያለ ነገር ግን ሊኖር ይችላል። የዘገየ ክፍያ ቅጣት ማንሳት፣ ትንሽ ገንዘብ መመለስ፣ ጉዳዩን ወደ ላይ ማስተላለፍ። እሱን ጠይቋት። ከሥልጣኗ በላይ ከሆነ «ሱፐርቫይዘር ላናግር» በሉ፤ ይህ ማንንም አያስቀይምም። ከተሳደባችሁ ግን በብዙ ቦታ አስጠንቅቃ ስልኩን መዝጋት ይፈቀድላታል። ያኔ እንደገና ወረፋ ነው።

ሌላው ትልቅ ስህተት ሳይገባን «የስ፣ የስ» ማለት ነው። እኛ ሰው ሲያወራ እየሰማን መሆናችንን ለማሳየት «እሺ፣ እሺ» እንላለን። ንግግሩ በሚቀዳበት ስልክ ላይ ግን ያ ስምምነት ነው። አንድ የማውቃቸው አባት ስለ ቢላቸው ሊጠይቁ ደውለው፣ ለስልካቸው ኢንሹራንስ ገዝተው ዘጉ። እሳቸው አላወቁም። በየወሩ ሲቆረጥባቸው ከርሞ ወረቀቱን ሳነብላቸው ነው የታየው። ልጅቷ አታልላቸው አይደለም። ብዙ የኮል ሴንተር ሠራተኞች ጉዳዩን ከጨረሱ በኋላ አንድ ነገር ለመሸጥ እንዲሞክሩ ይታዘዛሉ። ጠየቀቻቸው፣ «የስ» አሏት። ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ፣ ቀስ ብላ እንድትደግም ጠይቋት። የማየው ትዕግሥታቸው ያስገርመኛል፤ ሦስቴም አራቴም ይደግሙላችኋል። አስተርጓሚ መጠየቅም አትፈሩ። ብዙ ድርጅቶች የአማርኛ አስተርጓሚ እዚያው መስመር ላይ ያስገባሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና የጤና ኢንሹራንሶች ደግሞ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ስም ላይ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝነኛል። አካውንቱ ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ የገባው የአባት ነው የአያት? በየትኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ተጻፈ? የልደት ቀኑስ በፈረንጅ አቆጣጠር ስንት ነው? ልጅቷ የምታየው እስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የነገራችኋት ከዚያ ካልገጠመ አካውንቱን ልትከፍትላችሁ አትችልም። ብትፈልግም አይፈቀድላትም። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ቢሉን ፊታችሁ አስቀምጡ፤ እዚያ ላይ የተጻፈውን እያያችሁ ፊደል በፊደል ንገሯት።

ስልኩን ሰላምታ እንኳ ሳትሰጡ ለልጃችሁ አታቀብሉ። መጀመሪያ የአካውንቱ ባለቤት ራሱ ማንነቱን ያረጋግጥና «ልጄ እንድትናገርልኝ ፈቅጃለሁ» ይበል።

ስትደውሉ ቴሌቪዥኑን አጥፉ።

የድርጅቱን ስልክ ቁጥር ጎግል ላይ ፈልጎ መጀመሪያ የመጣውን መደወል በጣም አደገኛ ነው። አጭበርባሪዎች የሐሰት ቁጥር ያስቀምጣሉ። ቁጥሩን ከካርዳችሁ ጀርባ ወይም ከቢሉ ላይ ውሰዱ። ያነሳው ሰው የውጭ አገር ድምፅ ስላለው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ጥርት ያለ አሜሪካዊ ድምፅ ያለው ሁሉም ታማኝ አይደለም። የምትለዩት በሚጠይቃችሁ ነገር ነው። ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን አንብቡልኝ ያለ ሌባ ነው። እሱ ራሱ ደውሎላችሁ በቴክስት የመጣላችሁን ኮድ ንገሩኝ ካለም ወዲያው ዝጉት።

መጨረሻ ላይ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ስትል ቸኩላችሁ አትሰናበቱ። ስሟን፣ የጉዳዩን ቁጥርና ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን ጻፉ። «ችግርዎ ተፈቷል?» ካለችና ካልተፈታ፣ በይሉኝታ «አዎ» አትበሉ፤ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነጥብ ስጡ የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመዝነው እሷን ነው፤ በብዙ ቦታም ቦነሷ የሚታየው በዚያ ነጥብ ነው። ድርጅቱ ካናደዳችሁ ቅሬታውን ለድርጅቱ ጻፉ። ልጅቷ በደንብ ካስተናገደቻችሁ 5 ስጧት።