የደበዘዘው እብነ በረድ ወለሌ እንዴት እንደበራ

የአሮጌው ቤት ወለል እብነ በረድ ነው። እዚህም እዚያም ነጣ ያሉ፣ የማያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ነበሩበት። በሳሙና ቢታሹ ንቅንቅ አይሉም። ቆሻሻ አይደሉማ! እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲነካው ላዩ ይበላል። የተበላ ድንጋይ ደግሞ በማጠብ አይመለስም፤ መሞረድ አለበት።

ስለዚህ በውሃ እያረጠብኩ በአልማዝ ዲስክ ሞረድኩት። ከቁጥር 400 ጀምሬ ወደ 800፣ 1500፣ ከዚያ 3000። ቁጥሩ ሲጨምር ዲስኩ ይለሰልሳል። አንዱን መዝለል ያጓጓል፤ ግን የሻካራው ዲስክ ጭረት መጨረሻ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። በየመሃሉ ጭቃውን ጥርግ አድርጎ ማጠብም ግድ ነው፤ የቀረች አንዲት ሻካራ ቅንጣት አዲስ ጭረት ታመጣለች። በመጨረሻ የእብነ በረድ ማወልወያ ዱቄት በጥቂት ውሃ ለውሼ አሸሁት። ያኔ ነው የበራው።

ወለሉ ላይ የነበረውን ስንጥቅ የደፈንኩት ከመሞረዱ በፊት ነው፣ የእብነ በረድ ዱቄት በተቀላቀለበት ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ)። ወደ ውስጥ የሰረገ የቡና እድፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለውሼ ቀባሁበት፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ ለ24 ሰዓት ተውኩት። አሁን ወለሉን የማጸዳው ፒኤች 7 አካባቢ በሆነ፣ ማለትም አሲድም አልካሊም ባልሆነ ሳሙና ብቻ ነው።