ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ጥርስ፦ ጥፋተኛውን በሰዓቱ ለይቶ ማስተካከል

በሚያዝያ ወበቅ ባሕር ዳር ላይ እንቅልፍ እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ቢንቢው። አጎበሩ በደንብ ተወጥሮ፣ ቬንቲሌተሩም እየዞረ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዐይኑ የሚፈጥ ሰው ግን አፉን ቢመረምር ይሻለዋል። የታመመ ጥርስ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሕመም ይበረታበታል፤ ሲያንኮራፋ ያደረ አፍ ይደርቃል፤ የደረቀ አፍ ውስጥ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል። እንዲህ ሲጠላለፍ የቱ እንደጀመረው ለማወቅ ያስቸግራል። የሚለየው ሰዓቱ ነው፦ ችግሩ የሚመጣው ጋደም ሲሉ ነው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው ወይስ ጠዋት ሲነሱ?

የ7 ሌሊት ማስታወሻ

ራስጌዎ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ያስቀምጡ። ለ7 ቀን ያህል ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እነዚህን ይጻፉ፦ በስንት ሰዓት እንደነቁ፣ የቱ ጥርስ ወይም የቱ ጎን እንዳመመዎት፣ አፍዎ ደርቆ እንደሆነ፣ መንጋጋዎ ዝሎ ወይም ራስዎን አሞዎት እንደሆነ፣ አፍዎ ጎምዝዞ እንደሆነ። ከእራት በኋላ የቀመሱትንም ይጨምሩ፤ ቡና፣ ጠላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሁሉንም። አብሮዎት የሚተኛ ሰው ካለ ስለ ማንኮራፋትና ስለ ጥርስ ማፋጨት የሚመሰክረው እሱ ነው። የተኛ ሰው የራሱን አይሰማም።

ከሳምንት በኋላ ደብተሩ ይናገራል። ጋደም ባሉ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ጥርስ መምታት ከጀመረ ነገሩ የጥርሱ ነርቭ ነው። ጠዋት መንጋጋ ዝሎ፣ ከጆሮ ግንድ በላይ ራስ ምታት ይዞዎት ከተነሱ ሌሊቱን ጥርስ ሲያፋጩ አድረዋል። ምላስ ላንቃ ላይ ተጣብቆ የሚያድር ከሆነ በአፍ እየተነፈሱ ነው። መጎምዘዝና ጉሮሮ ማቃጠል ካለ ምንጩ ጨጓራ ነው። ጉንፋን ይዞዎት የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች አንድ ላይ ካመሙና ሲያጎነብሱ ከባሰ ግን ጥፋቱ የሳይነስ (ከአፍንጫ ጋር የተገናኘው የጉንጭ አጥንት ክፍተት) እንጂ የጥርስ ላይሆን ይችላል፤ ደህና ጥርስ ለማስነቀል አይጣደፉ።

ጋደም ሲሉ የሚመታ ጥርስ

ቀን የተኛ ሕመም ማታ የሚነሳው በምክንያት ነው። የጥርስ ነርቭና የደም ሥር ያሉት ጠንካራ ግድግዳ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፤ ጥርስ ውስጥ ግን እብጠቱ የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ነርቩን ይጫናል። ሲጋደሙ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ግፊቱ ይብሳል። ሌሊቱ ጸጥ ሲል ደግሞ ሐሳብ የሚያስቀይር ነገር አይኖርም።

ደረጃውን ለማወቅ ቀዝቃዛ ውሃ ጉንጭ ያድርጉ። ሕመሙ ቶሎ ከጠፋ ነርቩ ሊተርፍ ይችላል፤ ቀዳዳውን ማስሞላት ይበቃ ይሆናል። ከ30 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ምንም ሳይነካ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ነርቩ ወደ መሞቱ ነው፤ ሥሩን ማሳከም ወይም ማስነቀል ይጠብቅዎታል። ትኩስ ነገር እያመመው ቀዝቃዛ ሲያስታግሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አልቀረውም። ከሁሉም የሚያታልለው ለቀናት ሲያሰቃይ የሰነበተ ጥርስ በድንገት ዝም ሲል ነው። ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ነርቩ ግን የሞተ እንጂ የዳነ አይደለም፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መግል ይዞ ይመለሳል።

እስኪነጋ ለማደር እንዲህ ያድርጉ፦

1. በጥርሶቹ መካከል የጥርስ ክር ያሳልፉ። የጣና ቀረሶ ወይም አምባዛ ከተበላ ደግሞ ድዱን በመብራት ይመልከቱ፤ ድድ ውስጥ የገባ ቀጭን የአሳ አጥንት ልክ እንደ ነርቭ ሕመም ያስጮኻል፣ ሲወጣም ወዲያው ያሳርፋል። በስቴኪኒ መቆፈር አጥንቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

2. ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ይጉመጥመጡ፣ ይትፉ።

3. ትራስ ሁለት ያድርጉና ራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ በጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ያህል ይያዙ። ሙቅ ነገር አያድርጉበት።

4. ለጤናማ አዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱን የታመመ ሰው መጠኑን ለመቀነስ ባለሙያ ይጠይቅ። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ የጥርስ ሕመምን በደንብ ይይዛል፤ ፓራሲታሞል ብቻውን ካልያዘው አብረው መውሰድም ይቻላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ልብ የሚያመው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ግን ኢቡፕሮፌን አይውሰዱ። ዳይክሎፌናክም የዚያው ወገን ስለሆነ ሁለቱ አይደራረቡ።

የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ጥጥ ተነክሮ ጥርሱ ላይ ቢያርፍ ያደነዝዛል፤ ሕፃን ላይ ግን አይሞከርም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ ማሳደር ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ጠዋት ሁለት ሕመም ይዘው ይነሳሉ። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥም የተቆጣ ነርቭን አያስታግሥም፣ ምክንያቱም ችግሩ ጥርሱ ተከፍቶ እስኪጸዳ ድረስ እዚያው ነው።

እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወደ አንገት ከወረደ፣ ዐይን ከተደፈነ፣ አፍ ሁለት ጣት ያህል እንኳ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። የዚያኑ ሌሊት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በደቅ ደሴት ለሚኖር ሰው ነገሩ ይለያል፤ ሌሊት ጀልባ ፍለጋ መከራ ስለሆነ ጉንጭ ማበጥ እንደጀመረ በቀን ብርሃን መሻገር አለበት።

ከመኝታ በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ምራቅ አሲድ ያረክሳል፣ ካልሲየምና ፎስፌት ይዞ የጥርስን ገጽ ይጠግናል፤ ሌሊት ይህ ጠባቂ የለም። ስለዚህ ከጠዋቱ ይልቅ የማታው ብሩሽ ይበልጣል። እኛ አገር ልማዱ ተገልብጦ ሲነጋ መፋቅ፣ ማታ ደግሞ ሻይ ጠጥቶ መተኛት ሆኗል።

ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ያድርጉ፤ ማሸጊያው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን) የሚል ቁጥር ይፈልጉ። ብሩሹን ወደ ድዱ ጋደል አድርገው በአጭር በአጭሩ 2 ደቂቃ ይቦርሹ። የሚዘነጉት የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባና የመጨረሻው መንጋጋ ናቸው። ከዚያ አረፋውን ይትፉ፣ ግን አይጉመጥመጡ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ማደር አለበት፤ በውሃ ካጠቡት የከፈሉበትን መልሰው ደፉት። ቧንቧ በማይመጣበት ማታ ጀሪካኑን ላለመንካትም ጥሩ ሰበብ ነው። ከዚህ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ወደ አፍ አይግባ።

የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ መፋቂያ በደንብ ከተያዘ ያጸዳል፤ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ሲጎተት። ጎን ለጎን መፈግፈግ ድድ ያሸሻል። የሚጎድለው ፍሎራይድና የውስጠኛውን ጎን መድረስ ነው። ስለዚህ መፋቂያውን ለጠዋትና ለቀን፣ ብሩሹን ለማታ ያድርጉ። ብሩሽ ከሌለ ደግሞ የለሰለሰውን ጫፍ ሳሙና እየነከሩ መጠቀም ይቻላል።

ጠጅ፣ ሎሚ ወይም ለስላሳ መጠጥ ከጠጡ፣ ወይም ቃር ጎምዝዞ ከወጣ፣ ወዲያው አይቦርሹ። አሲድ ያለሰለሰውን ገጽ ብሩሹ ይገፈዋል። በውሃ ተጉመጥምጠው 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ጥርስ ማፋጨት

ሲያፋጩ ለማደር ጭንቀት፣ ካፌይን፣ መጠጥና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ያጋልጣሉ። ልጅ ሲያፋጭ «ወስፋት አለበት» ይባላል። ወስፋት ካለ በሰገራ ምርመራ ይታይ፤ አብዛኞቹ ልጆች ግን ሲያድጉ ይተዉታል።

የዘጌ ቡና የሚጠላ የለም። ይሁንና ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ሲተኙ ገና ግማሹ ደም ውስጥ አለ። የመጨረሻው በረካ ከቀኑ 8 ሰዓት ባይዘል ይመረጣል። ጫት ነገሩን ድርብ ያደርገዋል፦ መንጋጋ ለሰዓታት ሲሠራ ይውላል፣ አፍ ይደርቃል፣ ደረቁን ለማርጠብ ስኳርና ለስላሳ ይወሰዳል፣ ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ይከለክላል። ከዚያ ጨብሲ ይመጣል፤ መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ማፋጨቱንና ማንኮራፋቱንም ያብሰዋል።

ቀን ላይ መንጋጋን ማሠልጠን ይቻላል። ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይላቀቅ፣ ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃው ላይ ይረፍ። ስናኝክና ስንውጥ ካልሆነ በቀር የላይና የታች ጥርስ የሚነካካበት ምክንያት የለም። ስልክ ባነሱ ቁጥር ይህን ይፈትሹ። ከመኝታ በፊት ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ በሁለቱ መንጋጋ ላይ 10 ደቂቃ ያሳርፉ፤ ይህ ለጡንቻ ነው፣ መግል ለያዘ ጥርስ አይደረግም።

ጥርሱ ከተበላ ወይም ከተሰነጠቀ የሌሊት መከላከያ ያስፈልጋል። የጥርስ ሐኪሙ ልክ ወስዶ የሚያሠራው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ማፋጨቱን አያቆምም፣ መበላቱን ግን ይቀበልለታል። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ይቦረሻል። ሙቅ ውሃ ወይም መስኮት ላይ የሚያርፈው የባሕር ዳር ፀሐይ ያጣምመዋል፤ የተጣመመ መከላከያ ደግሞ ንክሻን ያበላሻል። ቆሎ የሚወዱ ከሆነ የተሰነጠቀውን ጥርስ ያሳርፉት።

ማንኮራፋትና የደረቀ አፍ

ማንኮራፋቱ መሃል ላይ ጸጥ ብሎ፣ ከ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ በማቃሰት ወይም በመታፈን የሚነሳ ከሆነ ትንፋሽ እየተቆረጠ ነው። ቀን ማንጎላጀት፣ ጠዋት ራስ ምታትና የማይወርድ የደም ግፊት አብረው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ባጃጅ ከማሽከርከሩ በፊት ይመርመር፤ የሌሊት መከላከያም ከማሠራቱ በፊት እንዲሁ። ቀለል ላለው ዓይነት የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይዞ የሚያድር መሣሪያ አለ፤ የሚያርፈው ጥርስ ላይ ስለሆነ ጥርሱ ያለቀበት ሰው አይጠቀምበትም። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ ጋር አይያያዝ። በባህላዊ መንገድ የሚደረገው ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ማንኮራፋትንም አያድንም።

በጎን መተኛት ብዙውን ያቀልላል። በካናቴራ ጀርባ ኪስ ሰፍተው የተጠቀለለ ካልሲ ቢከቱበት ሲንጋለሉ ይቆረቁራል፣ ተገላብጠው ይተኛሉ። ቬንቲሌተሩን ከፊትዎ ወደ ግድግዳው ያዙሩት። አፍን በፕላስተር መለጠፍ ግን አፍንጫው ለታፈነ ሰው አደጋ ነው። የደም ግፊትና የአለርጂ መድኃኒቶችም አፍ ያደርቃሉ፤ በራስዎ አያቋርጡ፣ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ጎምዛዛ ለሚያድርበት አፍ እራትን ከመኝታ 3 ሰዓት ያህል ማስቀደም፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግና በግራ ጎን መተኛት ይረዳል።

ልጆች

ጡጦ በወተት ወይም በስኳር ውሃ ይዞ የሚተኛ ሕፃን የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ቶሎ ይበሰብሳሉ። ይዞት በሚተኛው ጡጦ ውስጥ ውሃ ብቻ ይኑር። ጥርስ እንደወጣ ማታ ማታ መቦረሽ ይጀመር፤ እስከ 3 ዓመት ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ያህል ይሁን። እስከ 7 ዓመት ድረስ ብሩሹን የሚይዘው አዋቂ ነው።

ከሐኪም ከተመለሱ በኋላ

ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ «ሌሊት ያመኛል» ከሚል ቃል ይልቅ «ጋደም ባልኩ በ10 ደቂቃ፣ የቀኝ ታች፣ ቀዝቃዛ ሲነካው አንድ ደቂቃ ይቆያል» የሚል ጽሑፍ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ጥርስና ወደ ትክክለኛው ራጅ ይመራዋል። ጥርስ ካስሞሉ በኋላ ለጥቂት ቀን ለቀዝቃዛ ስሜት መስጠቱ ያለ ነው። ሲነክሱ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከመሰለዎት ግን መሙያው ከፍ ብሏል፤ ሌሊት ሲያፋጩት ነርቩን ያስቆጣዋል። ተመልሰው ያስተካክሉት፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው።