«ዶክተር ዝም ብለህ ንቀልልኝ» ሲሏችሁ እንዴት ትወስናላችሁ? የጥርስ ክሊኒክ የየቀኑ የህሊና ጥያቄዎች

የህክምና ስነምግባር ሲባል ብዙ ሰው ትልልቅ ነገር ነው የሚመስለው፣ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ወይ ዜና የሚሆን። ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ግን እንደዛ አይደለም። እኛ አዳማ ላይ በተራ ቀን የሚገጥሙን ትንንሽ ናቸው ግን ከጠዋት እስከ ማታ አያልቁም፦ የሚድን ጥርሱን ንቀልልኝ የሚል ባጃጅ ሹፌር፣ ሳትታይ አሞክሳሲሊን ጻፍልኝ የምትል እናት፣ ለሰርጉ ጤነኛ ጥርሱን አስሞርዶ ነጭ ማስለበስ የሚፈልግ ሙሽራ፣ ወር ሲያልቅ ገቢው ለምን ቀነሰ የሚል ባለቤት። ይሄን የምጽፈው በዋናነት አዲስ ለተመረቃችሁ ጥርስ ሀኪሞች ነው፣ ግን ታካሚዎችም ብታነቡት ሀኪማችሁን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ትይዛላችሁ።

1. መጀመሪያ ወንበሩን ቀና አድርጉት

ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይሄ ነው፣ ምንም ወጪ የለውም ግን የሚያደርገው ሀኪም ጥቂት ነው። ሰው ተንጋሎ፣ መብራት አይኑ ላይ በርቶ፣ መምጠጫው አፉ ውስጥ ሆኖ የምትሉትን ሁሉ «እእ» ብሎ ይቀበላል። ያ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ውሳኔ የሚያስፈልገው ነገር ሲመጣ ወንበሩን ቀና፣ ጓንቱን አውልቁ፣ ማስካችሁን ዝቅ፣ ከዛ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አውሩ።

በተለይ ስራ መሀል ላይ ነገር ሲቀየር። ለመሙላት ጀምራችሁ የተበላው እስከ ነርቩ ደርሶ አገኛችሁት እንበል። ማደንዘዣው ስለያዘ ቀጥላችሁ ነርቩን ማውጣት ይቻላል፣ ግን ሰውየው የተስማማው ለሙሌት ነው፣ የያዘውም ብር የሙሌት ነው። ቁሙ። መድሀኒት አድርጉበት፣ በጊዜያዊ ሙሌት ዝጉት፣ ቀና አድርጋችሁ መስታወቱን አሲዙትና ራሱ እንዲያየው አድርጉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሂሳቡ ሌላ ሆኖ ሲጠብቀው «ተጭበረበርኩ» ቢል ልክ ነው።

ቋንቋም እዚሁ ይገባል። ከዴራም ከወለንጪቲም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች ይመጣሉ፣ ኦሮምኛ ካልቻላችሁ የሚችል ነርስ ወይ ካርድ ክፍል ያለ ሰው አስጠሩ። አብሯቸው የመጣውን ልጅ አታስተርጉሙት። የ10 ዓመት ልጅ ለእናቱ «ጥርስሽ ይነቀላል» ብሎ መንገር የለበትም፣ ደሞ የሚከብደውን ዘሎ የሚቀለውን ብቻ ነው የሚነግራት።

2. ጥርሱ ምን እንደሚያስፈልገው ከዋጋ በፊት ንገሩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ባጃጅ የሚነዳ ልጅ መጣ፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሌሊት ሌሊት እያሰቃየው እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፣ ቀን ቢቀር ገቢ የለም። ገና ሳይቀመጥ «ዶክተር ዝም ብለህ ንቀልልኝ» አለ። ራጁ ላይ ስሩ ጤነኛ ነው፣ በዙሪያው ያለው አጥንትም ደህና ነው፣ በነርቭ ህክምና የሚድን ጥርስ ነው። ሁለት አይነት መጥፎ ሀኪም አለ እዚህ ጋር። አንዱ ጫማውን አይቶ «ይሄ አይከፍልም» ብሎ በልቡ ወስኖ ጉጠቱን ያነሳል። ሌላው ደሞ «ካልታከምክ አደጋ አለው» ብሎ አስፈራርቶ ያልቻለውን ነገር እንዲበደር ያደርገዋል። ሁለቱም ለሰውየው ወሰኑለት እንጂ አልጠየቁትም።

ትክክለኛው አካሄድ ሶስቱንም መንገድ መናገር ነው። ቢድን፦ ከአንድ በላይ ቀጠሮ፣ በኋላም ብዙ ጊዜ ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚለበስ ሽፋን) ያስፈልገዋል፣ የክራውኑን ዋጋ አብራችሁ ንገሩ፣ የነርቩን ብቻ ነግሮ ክራውኑን በኋላ ማምጣት ማታለል ነው። ቢነቀል፦ ህመሙ ዛሬ ይቆማል፣ ግን ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ከላይ ያለው እየወረደ ይመጣል፣ አጥንቱም ይሳሳል፣ መተካት ቢፈልግ ደሞ ከማዳን የበለጠ ያስወጣዋል። ዝም ቢባል፦ ህመሙ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል ምክንያቱም ነርቩ ይሞታል፣ ከዛ መግል ቋጥሮ ይመለሳል።

ከዛ ብዙዎች የሚዘሉት አራተኛ መንገድ አለ። ዛሬ ከፍታችሁ የታመመውን ነርቭ አውጥታችሁ በመድሀኒት በጊዜያዊነት ዝጉለት። ህመሙ ይለቀዋል፣ ብር ለማጠራቀም ጊዜ ያገኛል፣ ወይም ወደ መንግስት ሆስፒታል ሪፈር ጻፉለት። ግን ጊዜያዊ ማለት ጊዜያዊ መሆኑን ደጋግማችሁ ንገሩ፣ ቀጠሮውን ስልኩ ላይ አስመዝግቡ፣ ካልመጣ ደውሉ። ህመሙ ሲለቀው ዳነ ብሎ የሚጠፋ ብዙ ነው፣ ከወራት በኋላ ፊቱ አብጦ ነው የሚመለሰው።

ይሄን ሁሉ ሰምቶ «አይ ይነቀል» ካለ፣ ንቀሉለት። ሳትቆጡት፣ ፊት ሳትነሱት። ጥርሱ የሱ ነው።

የማትነቅሉበት ጊዜ ግን አለ። የደም ግፊቱ 180/110 ከደረሰ ቀጠሮ ስጡና መጀመሪያ ወደ ሀኪም ላኩት። ሌላው ደግሞ ታካሚው የሚያሳየው ጥርስና እናንተ የምታገኙት ካልገጠመ ነው። የታመመ ነርቭ ቦታውን ያሳስታል፣ የላይኛው ታሞ የታችኛው የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዲት እናት ሌላ ቦታ የታችኛውን መንጋጋ አስነቅላ ማታውኑ ህመሙ እንዳለ ቀጠለ፣ እኛ ጋር ስትመጣ ቀዝቃዛ ነገር ላይኛው ላይ ስናስነካ ብድግ አለች። ጤነኛ ጥርሷ ሄዷል፣ የነቀለላት ሰው «እሷ ናት ያሳየችኝ» ማለት ይችላል፣ ግን መመርመር የሱ ስራ ነበር። በቀዝቃዛ ሞክሩ፣ በመስታወቱ እጀታ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፣ ራጅ አንሱ፣ ካልገጠመ ታካሚው የፈለገውን ያህል ቢለምን ጉጠት አታንሱ።

3. ልጅ ሲሆን

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል፣ ይነቀል» የምትል እናት ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳየው መንጋጋ የወተት አይደለም። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ይበቅላል፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚመጣ ቤተሰብ አይለየውም። መስታወት አሲዛችሁ ቆጥራችሁ አሳይዋት። ፈቃድ የምትሰጠው እናት ናት ግን ልጁንም በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፣ «አያምምም» ብላችሁ አትዋሹት፣ «ትንሽ ትቆነጥጥሃለች፣ እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ» በሉት፣ እጁን ሲያነሳም የእውነት አቁሙ።

4. «መድሀኒት ብቻ ጻፍልኝ»

እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ነርቭ ሲታመም አንቲባዮቲክ ህመሙን አያቆምም፣ የአሜሪካ የጥርስ ሀኪሞች ማህበርም በ2019 ባወጣው መመሪያ ጤናማ አዋቂ ላይ ለእንደዚህ አይነት ህመም አትስጡ ነው ያለው፣ ጥርሱን ማከም ነው መፍትሄው። የሚያስፈልገው እብጠቱ ሲሰራጭ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ አፍ መክፈት ወይ መዋጥ ሲያስቸግር ነው፣ ይሄኛው ደሞ ቀልድ ስላልሆነ በዛው ቀን ሆስፒታል። «እምቢ» ብቻ ብላችሁ ካባረራችሁት ፋርማሲ ሄዶ ይገዛል። ስለዚህ ባዶ እጁን አትላኩት፣ ህመሙን የሚያስታግስ ነገር ዛሬውኑ ስሩለት፣ የጨጓራና የኩላሊት ችግር እንደሌለበት ጠይቃችሁ ማስታገሻ እዘዙ። ለምን አንቲባዮቲክ እንዳልጻፋችሁም ንገሩት፣ ሲገባው አብዛኛው ሰው ይቀበላል።

5. የበለዘ ጥርስ

ይሄ የኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ጉዳይ ነው። አዳማ፣ ወንጂ፣ ሀዋሳም ዙሪያ ያደገ ሰው ብዙው ጥርሱ ቡናማ ነው፣ የከርሰ ምድር ውሀው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት። የአለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ አንዳንድ ጉድጓዶቻችን ከዛ ብዙ እጥፍ ያልፋሉ። ልጅ እያለ ጥርሱ ሲሰራ የገባ ነገር ስለሆነ በማጠብ አይለቅም፣ ሰውየው ደሞ ቆሻሻ ነው ተብሎ ሲሰደብ ነው ያደገው፣ ስለዚህ በጣም ተጎድቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ይሄን ንገሩት፦ ያንተ ጥፋት አይደለም።

የህሊናው ጥያቄ እዚህ ጋር ነው፣ ብዙ ብር የሚያስገባው ህክምና ጤነኛውን ጥርስ ሞርዶ ክራውን ማልበስ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ስድስት የፊት ጥርስ አንዴ ከተሞረደ እድሜ ልኩን ክራውን እየቀየረ ነው የሚኖረው። ከቀላሉ ጀምሩ፦ ላዩን በስሱ መፈግፈግ፣ በጥንቃቄ ማንጣት (ነጭ ነጠብጣቦቹን ለጊዜው ሊያጎላቸው እንደሚችል አስቀድማችሁ ነግራችሁ)፣ ካልሆነ በጥርስ ቀለም ሙሌት መሸፈን። ክራውን መጨረሻ ነው። «በፊት» እና «በኋላ» ፎቶ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊትም በጽሁፍ አስፈቅዱ፣ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ከንፈሩን ብቻ አይቶ የሚለይ ጎረቤት አይጠፋም።

6. የሌላ ሀኪም ስራ፣ የራሳችሁም ስራ

«ማነው እንዲህ ያበላሸሽ?» አትበሉ። እናንተ እዛ አልነበራችሁም፣ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ድንገተኛ ይሁን፣ ታካሚው ከቀጠሮ ቀርቶ ይሁን አታውቁም። የምታዩትን ብቻ ተናገሩ፦ «ሙሌቱ ስር ቀዳዳ አለ፣ መቀየር አለበት»። ግን ጉዳት ደርሶ ከሆነ መሸፈንም አይቻልም፣ ታካሚው በቀጥታ ከጠየቃችሁ በቀጥታ መልሱ። በራሳችሁ ስራም ያው ነው፣ የጥርስ ስር ስታጸዱ ፋይል (ስሩን የሚያጸዳው ቀጭን መሳሪያ) ውስጥ ቢሰበር ወንበሩን ቀና አድርጋችሁ እዛው ንገሩት፣ ራጁን አሳዩት። ከሌላ ሀኪም ሲሰማው ነው ነገሩ ክህደት የሚሆነው።

7. ኮሚሽን፣ ባለቤት፣ ዘመድ

ከራጅ ቤት ወይ ከላብራቶሪ በላካችሁት ሰው ቁጥር ብር መቀበል የለም፣ በቃ። ባለቤቱ «በቀን ይሄን ያህል ክራውን» የሚል ኮታ ካወጣ ለብቻው አግኝታችሁ በጨዋነት ንገሩት፣ ካልተለወጠ ሌላ ስራ መፈለግ ጀምሩ፣ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ ግን ኮታ እያያችሁ ራጅ ስታነቡ ቀስ በቀስ ሁሉም ጥርስ የታመመ ይመስላችኋል። ለዘመድና ለጎረቤት ቅናሽ ስጡ፣ ችግር የለውም፣ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩበት፣ ካርድም አውጡላቸው። የአክስት ልጅ ነው ብሎ የጤና ታሪክ ሳይጠይቁ ማደንዘዣ መውጋት አደገኛ ነው።

8. ንጽህናና ምስጢር

ታካሚ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ሲነግራችሁ አምኗችሁ ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ በቀይ ምልክት አይደረግም፣ «ወረፋው መጨረሻ ላይ ና» አይባልም። ለሁሉም ሰው ያው ጥንቃቄ ነው፣ ሳይነግራችሁ ሄፓታይተስ ቢ ይዞ የተቀመጠውም ብዙ ነው። ፈቃድና ምስጢር የደግነት ጉዳይ ብቻም አይደሉም፣ በህግ የተደነገጉ ግዴታዎች ናቸው።

የሚፈትነው ግን መብራት ሲጠፋ ነው። ወረፋው ሞልቷል፣ አውቶክሌቩ (እቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) መሀል ላይ ቆሟል። 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ሳይቆይ የወጣ እቃ ከጀርም አልጸዳም፣ በአልኮል መጥረግ አይተካውም። የታሸገ ንጹህ እቃ ካለቀ ቀጠሮ ይተላለፋል፣ ምክንያቱንም ለታካሚው ንገሩት፣ ከማድነቅ በቀር አይከፋም። ክሊኒክ የምትከፍቱ ደሞ ከደጅ ማስታወቂያው በፊት ተጨማሪ የመንቀያ እቃ ስብስብና ሁለተኛ ሀንድፒስ (የጥርስ መሰርሰሪያ እጀታ) ግዙ።

9. ጻፉት፣ ካመነታችሁም ደውሉ

ካርዱ ላይ «ተነቀለ» ብቻ አትጻፉ። ምን እንደነገራችሁት፣ ምን እንደመረጠ፣ በራሱ አባባል፦ «ማዳን እንደሚቻል ተነግሮት በገንዘብ ምክንያት መንቀል መርጧል»፣ ቀንና ፊርማ። የህመም ፈቃድ ወረቀት ሲጠየቅም ያው፣ ያደረጋችሁትንና ቀኑን ብቻ፣ ያልታመመበትን ቀን አትጨምሩ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ልባችሁ ካልተረጋጋ ለምታምኑት ሀኪም ደውሉ፣ ስም ሳትጠሩ ጉዳዩን ብቻ ንገሩት፣ ራጁን ብትልኩለትም ስሙን ሸፍናችሁ። ግን ደውላችሁ የምትጠይቁት ማደንዘዣ ከመውጋታችሁ በፊት ይሁን፣ ከተወጋ በኋላ ሰውየውም እናንተም ትቸኩላላችሁ።